አይጡ ሞልቶ ሳለ ቀይ ቀበሮው ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦ በባሌ ተራሮች አይጥና ፍልፈል ሞልቷል፤ ቀይ ቀበሮ ግን በመላ አገሪቱ ከ500 እንደማይበልጥ ይነገራል። ተማሪዎቼ «ምግብ ካለው ለምን አይበዛም?» ይሉኛል። ከአንዱ የምግብ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል 10 በመቶ ያህል ነው በሚለው ስሌት ላስረዳቸው ብሞክር ውጤቱ ከእውነታው እጅግ የራቀ ሆነብኝ። (የባዮሎጂ መምህር፣ ከጎባ)

መልስ፦ 10 በመቶ ብዙ ዓይነት ፍጥረታትን ያጠቃለለ ግምት ነው። ለአጥቢ እንስሳት ይበዛል። አይጥ ከሣሩ ፈጭቶ ወደ ሰውነቱ ካስገባው ኃይል ሥጋ የሚሆነው ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ሰውነቱን ለማሞቅና ለመንቀሳቀስ ያቃጥለዋል። 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የሳነቴ አምባ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሙቀት ብዙ ያስከፍላል።

ሰሌዳው ላይ እንዲህ ይሥሩት። አይጦቹ ወደ ሰውነታቸው ያስገቡት ኃይል 10,000 ኪሎ ካሎሪ ነው እንበል። በ2 በመቶ ሲሰላ 200ው የአይጥ ሥጋ ይሆናል። ቀበሮው ግማሹን ብቻ ቢያገኝ 100 ይደርሰዋል፤ ከዚያም ቢበዛ 2 ኪሎ ካሎሪ የቀበሮ ሥጋ ይወጣል። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት መነሻው ላይ ነው፤ በሜዳው ያለውን ሣር ሁሉ አይጥ እንደበላው ይቆጥሩታል። ብዙው ግን ሳይበላ ደርቆ ለአብስባሾች ይቀራል፣ ከፊሉንም ከብት ይግጠዋል።

ስለዚህ አንድ ቀበሮ ሰፊ መሬት ይፈልጋል። በባሌ በተደረገ ጥናት አይጥ በበዛበት ሥፍራ የአንድ መንጋ ክልል በአማካይ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ አይጥ በሳሳበት ግን ወደ 13 ይሰፋል፣ የሚኖሩበትም ጥንዶች ወይም ጥቂቶች ናቸው። ቀበሮው ከ3,000 ሜትር በታች እምብዛም ስለማይኖር፣ እርሻና ግጦሽ ሽቅብ በመጣ ቁጥር የሚሄድበት የለውም። አይጡን ደግሞ ንስርና ጭልፊትም ይሻሙታል።

ሁሉንም ግን በኃይል ፍሰት አያስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1991–92 እና በ2003 በባሌ ቀበሮዎችን የጨረሰው ከቤት ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ አይጡ በቦታው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥጋ ውስጥ የተደረገ ክትባት ለቀበሮዎቹ እየተሰጠ ነው።

የምግብ መረቡን ሲያስሉ ቀስቱ ከበላተኛው ወደ ተበላው ሳይሆን ከተበላው ወደ በላተኛው ይሂድ፤ ከሣር ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ቀበሮ። ከውሻ ወደ ቀበሮ የሚሄደውን የበሽታ መስመር በነጠብጣብ ያስምሩት፤ ምክንያቱም ኃይል አያስተላልፍም።