ከፍራሼ ሥር የነበረው ወረቀት

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ ላይ የሚማር አንድ ወጣት «ጋሼ፣ የትምህርት ክፍል የምንመደበው በነጥባችን ነው፤ እኔ የምፈልገው ክፍል ደግሞ የሚቀበለው ጥቂት ተማሪ ነው። ታዲያ ማስታወሻዬን ለጓደኛዬ ባውሰው ራሴን መጉዳቴ አይደለም?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚያው አልመለስኩለትም፤ ከአርባ ዓመት በፊት እኔው በተሳሳተ መልስ የዘጋሁት ጥያቄ ነበርና።

ዓመቱ 1977 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ምህንድስና ለመማር ከደሴ አዲስ አበባ የገባሁበት፣ ወሎም በድርቅና በረሃብ የተመታችበት ዓመት። በመኝታ ክፍላችን ከሐይቅ አካባቢ የመጣ ልጅ ነበር። በመጣ ዕለት እናቱ የሰነቁለትን የገብስ ቆሎ አልጋዬ ላይ ፈታና «ብላ እንጂ» አለኝ፤ በዚያ ዓመት ከወሎ ገበሬ ቤት የወጣ አንድ ቋጠሮ ቆሎ ምን ማለት እንደ ነበር የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። ከኅዳር በኋላ ከቤተሰቡ ደብዳቤ መምጣቱ ቀረ። መጽሐፉን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ገጹን ግን አይገልጥም።

የካልኩለስ ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ከአንድ ነባር ተማሪ ወስጄ በእጄ ገለበጥኩ። ያን ማታ ልጁ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና «የድሮ ጥያቄ አግኝተሃል አሉ፤ ለአንድ ሌሊት አውሰኝ» አለኝ። «የለኝም» አልኩት። ወረቀቱ እርሱ ከተቀመጠበት ፍራሽ ሥር ነበር። ሲነሣ ይንኮሻኮሽ ይሆን ብዬ ትንፋሼን መያዜን አስታውሳለሁ። «እሺ፣ ካገኘህ አትርሳኝ» ብሎ ወጣ። ውጤት የሚሰጠን ከክፍሉ አማካይ ጋር እየተነጻጸረ ስለ ነበር፣ የእርሱ ዝቅ ማለት የእኔ ከፍ ማለት ነው ብዬ አስልቼ ነበር። እኔ ኤ አገኘሁ፤ እርሱ በየካቲት ተባረረ። ሻንጣውን አውቶቡስ ተራ ድረስ የተሸከምኩለት እኔ ነኝ።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፣ አስቀድሜ ስሌቱን ልንገርህ። 40 ተማሪ ባለበት ክፍል የአንድ ጓደኛህ ውጤት በ20 ነጥብ ቢያድግ፣ የክፍሉ አማካይ የሚያድገው በግማሽ ነጥብ ብቻ ነው። ካልኩለስ እየተማርኩ ይህችን ማካፈል አልሠራኋትም። ኋላም ደሴ ዙሪያ መንገድ ስሠራ፣ መሬቱ ተንሸራታች በመሆኑ የአፈር ባለሙያውን ሳልጠይቅ አንድ የድጋፍ ግንብ እንኳ ነድፌ አላውቅም፤ የሚያውቀውን ቢደብቀኝ ኖሮ መንገዱ ከነግንቡ ገደል በገባ ነበር።

የዛሬ ልጆች በቴሌግራም የመቶ ገጽ ፋይል ትላላካላችሁ፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ አንዲት ጥያቄ ጓደኛን እስኪገባው ማስረዳት ግን የቀነሰ ይመስለኛል። አምስት ሰው ስሙን ጽፎበት አንድ ቀለሜ ብቻውን የሚሠራውን የቡድን ሥራም ትብብር አልለውም፤ በአገራችን ወንፈል ማሳው የሚታረምለት የሰው ማሳ ያረመ ነው። ይህን ስል ግን ያ የሐይቅ ልጅ በዚያ ወር ለእኔ የሚመልሰው ነገር እንዳልነበረው ትዝ ይለኛል። ቢሆንም ልሰጠው ይገባኝ ነበር፤ ቆሎውንም ምንም ሳይጠይቀኝ ሰጥቶኛል። አንተም ማስታወሻህን ዛሬውኑ ስጠው።

አምና ደሴ ለቅሶ ቤት ከእርሱ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ ልጆቹ ትምህርት ሲያጫውተኝ ቆየና ያን የመኝታ ክፍላችንን አነሣ፤ ልነግረው አፌን ስከፍት ሌላ ለቀስተኛ ገባና ተነሣንለት። ስለ ወረቀቱ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።