የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዋይት ሶክስ በፎርፌ የተሸነፈበት ምሽት

ጥያቄ፦ የቺካጎው የቤዝቦል ቡድን ዋይት ሶክስ በገዛ ሜዳው አንድም ኳስ ሳይወረወር 9 ለ 0 ተሸንፏል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ካልተጫወቱስ 9 ነጥብ ከየት መጣ?

መልስ፦ እውነት ነው። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1979፣ ሜዳው ኮሚስኪ ፓርክ ነው። ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር በአንድ ምሽት ሁለት ጨዋታ ተይዟል። የዲስኮ ሙዚቃ ሸክላ ይዞ የመጣ ሰው በ98 ሳንቲም እንደሚገባ፣ ሸክላዎቹም በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል በፈንጂ እንደሚወድሙ አስቀድሞ ተነግሯል።

ሲወራ የሚኖረው የሕዝቡ እብደት ነው። ጥፋቱ ግን ከዝግጅቱ ይጀምራል። የሸክላው ሣጥን ቶሎ ስለሞላ ብዙ ሰው ሸክላውን እንደያዘ ገባ፤ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ወደ ሜዳ ይወረውር ጀመር። ውጭ የቀረው ሕዝብ በሮቹን ሲያጨናንቅ ደግሞ ጥበቃዎቹ ወደዚያ ተላኩና ሜዳው ያለ ጠባቂ ቀረ። ፈንጂው ሣሩን ቦጭቆ ጉድጓድ አበጀ፤ ሺዎች ዘለው ገቡ፤ ተጫዋቾች ሲሮጡ የሚረግጧቸው ቤዞች ሳይቀሩ ተነቅለው ተወሰዱ።

ሁለተኛው ጨዋታ ለሌላ ቀን እንዲተላለፍ ታስቦ ነበር። የታይገርስ አሠልጣኝ ስፓርኪ አንደርሰን አልተቀበለም፤ ዝናብ ቢሆን ይተላለፋል፣ ሜዳን ለጨዋታ ብቁ አድርጎ ማቅረብ ግን የባለሜዳው ግዴታ ነው ሲል ተከራከረ። በማግስቱ ሁለቱ ቡድኖች የሚጫወቱበት የአሜሪካን ሊግ ፕሬዝዳንት ሊ ማክፌይል ለታይገርስ ፈረደ፤ ትክክለኛ ፍርድም ነበር። 9 ለ 0 በሕጉ የተቀመጠ የፎርፌ ውጤት ነው፤ ቁጥሩ ከጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በየተራ ኳስ የሚመቱበት ዙር) ጋር እኩል ነው። ጨዋታው ስላልተጀመረ በማንም ተጫዋች ስም ነጥብ አልተመዘገበም። የመጀመሪያውንም ታይገርስ በሜዳ ላይ 4 ለ 1 አሸንፏል።

ጥያቄ፦ ይኸው ቡድን አንድ ጨዋታ በሁለት ቀን ጨርሷል ይባላል። ለምን ተቋረጠ?

መልስ፦ በሰዓት ገደብ ነው። ሜይ 8 ቀን 1984 ሚልዋኪ ብሩወርስን ሲያስተናግድ እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ መጨረሻ 3 ለ 3 ሆኑ። ቤዝቦል አሸናፊ እስኪለይ ይቀጥላልና 17 ኢኒንግ ደረሱ። በወቅቱ በሊጉ ደንብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ አዲስ ኢኒንግ አይጀመርም ነበር፤ ስለዚህ ቀሪው ለማግስቱ አደረ።

በ21ኛው ኢኒንግ የብሩወርሱ ቤን ኦግሊቪ የሦስት ነጥብ ሆም ራን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያገኝበት ምት) መታ። ያበቃ ሲመስል ዋይት ሶክስም በተራው ሦስት ነጥብ አስቆጥሮ አቻ ሆነ። በ25ኛው የዋይት ሶክሱ ሃሮልድ ቤይንስ ሆም ራን 7 ለ 6 አስጨረሰው። 8 ሰዓት ከ6 ደቂቃ የፈጀ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር በሜጀር ሊግ ከዚህ የረዘመ ሰዓት የወሰደ ጨዋታ የለም። በኢኒንግ ብዛት ግን በ1920 ብሩክሊንና ቦስተን 26 ተጫውተው 1 ለ 1 የተለያዩበት ይበልጣል።

ለእኛ ከሁሉም የሚደንቀው የዋይት ሶክሱ ኳስ ወርዋሪ ቶም ሲቨር ነው። 25ኛውን ኢኒንግ ወርውሮ ድሉ በስሙ ተመዘገበለት፤ ወዲያው የዕለቱን መደበኛ ጨዋታ በመጀመሪያ ወርዋሪነት ገብቶ 5 ለ 4 አሸነፈ።