ስለ ሎስ አንጀለስ ጋንጎች ላነሳችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

ብዙ ስለጠየቃችሁ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሪፕስና ብለድስ የሚባሉት ሁለቱ ተቀናቃኝ ጋንጎች (የሰፈር ወሮበላ ቡድኖች) እንዴት ተጀመሩ? በዕፅ ንግድ ነው?

አይደለም። ክሪፕስን በ1970 ገደማ ደቡብ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የጀመሩት ሬይመንድ ዋሽንግተንና ስታንሊ ዊሊያምስ ናቸው፤ ሁለቱም ገና ጎረምሶች ነበሩ። እነሱ ያስቸገሯቸው የሌላ ሰፈር ልጆች ደግሞ በ1972 ተሰባስበው ብለድስ ሆኑ። ክራክ የሚባለው የሚጨስ ኮኬይን ከተማውን ያጥለቀለቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ልጆቹን ያሰባሰባቸው ፍርሃት ነው፤ ብቻህን ከሄድክ ትደበደባለህ፣ ስለዚህ ትቧደናለህ።

ለምን እዚያ ሰፈር?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጥቁሮች በፈለጉበት ቤት መግዛት አይችሉም ነበር፤ «ከነጭ በቀር ለማንም አይሸጥም» የሚል ውል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ ቢከለክልም አድልዎው ቀጠለ። በ1965 ዋትስ በሚባለው የደቡብ ሎስ አንጀለስ ሰፈር ብጥብጥ ተነስቶ 34 ሰው ሞተ። ከዚያ አባቶች እንጀራ የሚበሉባቸው የጎማና የመኪና ፋብሪካዎች ተራ በተራ ተዘጉ። ልጆቹ ሥራ ፈተው ቆመው ሳለ ነው ክራክ የመጣው፣ ከክራኩ ጋር ገንዘብ፣ ከገንዘቡ ጋር መሣሪያ።

ፖሊስ ቢጠነክርስ?

በምኑ ይጠንክር? በ1988 ፖሊስ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከ1,400 በላይ ሰው አፍሶ አብዛኛውን ያለ ክስ ለቀቀ። የግድያ ምርመራው ግን ፍሬ አላፈራም። ወንድምህን ማን እንደገደለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ምስክር ግን ፈርቶ አይናገርም፣ ገዳዩ በደጅህ ያልፋል። ይህ ሲሆን ደም መመለስ የፍርድ ቤትን ቦታ ይይዛል። ለእኔ ከድህነቱም በላይ ነገሩን ያራዘመው ይሄ ነው።

ጋንግ ውስጥ የሌለ ሰው ምን ያሰጋዋል?

ብዙ። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መኪና አጠገቡ ይቆምና «ከየት ነህ?» ይባላል። የሚጠየቀው ጋንጉን ነው። «ከየትም» ቢልም ላያድነው ይችላል። በ1992 በሎስ አንጀለስ ካውንቲ (ከተማውንና አካባቢውን በያዘው አስተዳደር) ከጋንግ ጋር የተያያዘው ግድያ 800 ገደማ ደርሶ ነበር። በዚህ ቁጥር ውስጥ አከርካሪያቸው ተመትቶ ዕድሜ ልክ ዊልቸር ላይ የቀሩት የሉበትም፤ ጥይት ፈርታ ልጆቿን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የምታስተኛ እናትም የለችበትም።

መሥራቾቹስ የት ደረሱ?

ዋሽንግተን በ1979 በ25 ዓመቱ በጥይት ተገደለ። ዊሊያምስ በ2005 የሞት ቅጣት ተፈጸመበት።

እርቅ ተሞክሮ ያውቃል?

አዎ፣ ያውም በራሳቸው። በሚያዝያ 1992 የዋትስ ጋንጎች ተኩስ ለማቆም ተስማሙ፤ ለስምምነቱ መነሻ ያደረጉት በ1949 ግብፅና እስራኤል የተፈራረሙትን የተኩስ አቁም ውል ነው። ዋትስ ውስጥ ግድያው ቀነሰ። በዚያው ሰሞን ከተማውን ካናወጠው ብጥብጥ በኋላ ለደቡብ ሎስ አንጀለስ ቃል ከተገባው ሥራ አብዛኛው ግን አልመጣም፤ ልጆቹ መሣሪያ ቢያስቀምጡም የሚገቡበት ፋብሪካ አልነበረም።