የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሲስተማችን ወደ ክላውድ ይውጣ ተባለ፣ ምን ይሻለናል?

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ ይበዛሉ፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካው እየበዛ ስለሄደ ይመስለኛል፣ ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ስለሆነ አንድ ላይ ሰብስቤአቸዋለሁ። የድርጅቶቹን ስም ትቻለሁ፣ ረዘም ያሉትን ደሞ አሳጥሬአለሁ። ክላውድ ለማያውቅ፦ ሲስተሙን በራስ ግቢ ሰርቨር ፈንታ በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ድርጅት ዳታ ሴንተር (የሰርቨሮች ማዕከል) ላይ ማሠራት ማለት ነው።

ጥያቄ (የአይቲ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። አንድ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው ምሠራው። ሒሳቡም፣ ግዢውም፣ ስቶሩም፣ ምርቱም በአንድ ኢአርፒ (የድርጅቱን ሥራ ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር) ነው ሚሄደው፣ ሳፕ የሚባለው ኩባንያ የድሮ ምርት የሆነው ኢሲሲ፣ ሰርቨሩ እዚሁ ግቢያችን ነው ያለው። አሁን አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ክላውድ ላይ ይወጣል ብሎ ወስኗል። ሻጮቹ መጥተው በስላይድ ሲያሳዩን ሁሉ ነገር ቀላል ነው፣ እኔ ግን የዚህን አገር መብራትና ኔትወርክ አውቀዋለሁ። እውነት የግድ ነው? ከሆነስ ከየት ልጀምር?

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አለቆችህ ለምን እንደቸኮሉ ልንገርህ፣ ዝም ብለው አይደለም። ሳፕ ለኢሲሲ የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ 2027 መጨረሻ ያበቃል፣ ተጨማሪ ከፍሎ እስከ 2030 መግፋት ይቻላል፣ ቨርዥናችሁ ኢንሃንስመንት ፓክ (የማሻሻያ ጥቅል) 5 እና ከዛ በታች ከሆነ ደሞ ቀኑ 2025 መጨረሻ ነበር፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ገብተህ ስንት ላይ እንዳላችሁ እይ። ድጋፉ ሲያበቃ ሲስተሙ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ግን ክፍተት ሲገኝበት የሚደፍንልህ የለም። ተተኪው የሳፕ አዲሱ ኢአርፒ ኤስ ፎር ሃና ነው፣ በ2015 የወጣው፣ እሱ ደሞ ሃና በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ብቻ ነው ሚሠራው፣ ስለዚህ የሌላ ኩባንያ በሆነው በኦራክል ዳታቤዝ ላይ ከሆናችሁ እሱም አብሮ ይቀየራል።

ልብ በል ግን፣ ኤስ ፎር መግባትና ክላውድ መግባት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፣ ኤስ ፎርን እዛው ግቢያችሁ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል። ሻጮች ጠቅልለው የሚያቀርቡት ለነሱ ስለሚመቻቸው ነው። "ክላውድ ካልሆነ አይሆንም" ያለህ ካለ በጽሑፍ ስጠኝ በለው።

ክላውድ ሲባልም አንድ ነገር አይደለም። ያለውን ሲስተም እንዳለ አንስቶ የሰው ዳታ ሴንተር ውስጥ ማስቀመጥ አለ፣ ይሄ ፈጣኑ ነው ግን የሰርቨሩን አድራሻ ከመቀየር ብዙም አይዘልም። ለናንተ ብቻ የተከለለ ክላውድ ላይ ኤስ ፎርን መትከልም አለ፣ ታሪኩንና ዳታውን ይዞ። ሦስተኛው ከብዙ ድርጅቶች ጋር የምትጋሩት ነው፣ ሶፍትዌሩ እንዳለ ነው ሚመጣው፣ አሠራራችሁ ነው ለሱ የሚስተካከለው፣ አፕዴትም ሲመጣ ቆይ ማለት አትችልም፣ ለምሳሌ የኦራክል የክላውድ ኢአርፒ የሆነው ፊውዥን በየሩብ ዓመቱ ነው ሚያድሰው። የትኛው ነው የታሰበው ብለህ ጠይቅ፣ ግማሾቹ አለቆች መልሱን አያውቁትም፣ ይሄን በድፍረት ነው ምልህ።

ከየት ልጀምር ላልከው ከዜድ ጀምር። በሳፕ ውስጥ ድርጅቱ ራሱ ያስጻፋቸው ፕሮግራሞች ስማቸው በዜድ ወይም በዋይ እንደሚጀምር ታውቃለህ፣ በዓመታት ውስጥ በየሥራ አስኪያጁ ፍላጎት እየተጻፉ ይከማቻሉ፣ ያስጻፈው ሰው ለቆ ሄዶም ፕሮግራሙ አለ። ዝርዝሩን አውጣና የአጠቃቀም መዝገቡን አብራ፣ የዓመት መዝጊያን የሚጨምር ጊዜ ይሰብስብ፣ ምክንያቱም በዓመት አንዴ ሰኔ 30 ላይ ብቻ የሚከፈት ሪፖርት በሦስት ወር መዝገብ ሬሳ ይመስልሃል። ማንም የማይከፍተውን ጣለው። የቀረውን ከሚጠቀምበት ክፍል ጋር ቁጭ ብለህ ሶፍትዌሩ ራሱ በሚሰጠው መንገድ ይሆናል ወይ ብለህ ጠይቅ። ገብሱን ሳያበጥር ጎተራ የሚከት የለም፣ የኛ ድርጅቶች ግን ዳታ ላይ ሲሆን ገለባውንም አፈሩንም ጭነው ነው የሚሄዱት፣ ከዛ በላዩ ላይ በየወሩ ኪራይ ይከፍሉበታል!

ሁሉንም ጣል እያልኩህ አይደለም። አንዱን ምሳሌ ልስጥህ፣ ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው፣ መስከረም 1 ግን አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11 አንዳንዴ 12 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜ ደሞ 5 ወይም 6 ቀን ናት፣ አብዛኛው ድርጅት ከነሐሴ ጋር ያጣብቃታል። ይሄን የሒሳብ ወር አቆጣጠር የፈረንጅ ሶፍትዌር ከፋብሪካው ይዞ አይመጣም፣ ስለዚህ የናንተ ሰው ያስተካከለው ነገር ካለ እሱን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው፣ አማካሪዎቹ ሲመጡም የመጀመሪያው ጥያቄህ ይሁን።

በሌላ በኩል ደሞ ያለፈ አሠራሬን አለቅም ያሉት ምን እንደገጠማቸው እይ። የጀርመኑ ሊድል ሱፐርማርኬት በ2018 የሳፕ ፕሮጀክቱን ሲያቋርጥ ሰባት ዓመት ግድምና 500 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ሄዷል ነው የተባለው፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ሊድል ስቶኩን የሚይዘው በግዢ ዋጋ ሲሆን ሶፍትዌሩ በመሸጫ ዋጋ መሆኑ ነበር፣ ሊድል አልቀይርም አለ፣ ሶፍትዌሩን ሲጠመዝዙት ኖሩ። የእንግሊዙ የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤትም በኤፕሪል 2022 ከሳፕ ወደ ኦራክል ክላውድ ሲገባ ሒሳቡን በትክክል መዝጋት አቃተው፣ በባንክ ማስታረቂያው (የባንኩንና የመዝገቡን ሒሳብ በሚያመሳክረው ክፍል) ላይ ለራሱ ያስጨመረው ለውጥ ትልቁ ራስ ምታት ሆነ፣ ወጪውም 20 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ተብሎ ተጀምሮ ከ100 ሚሊዮን አለፈ። እነዚህ ብርና ባለሙያ ያጡ አይደሉም።

ወደ ኔትወርኩ ስንመጣ ፍርሃትህ ትክክል ነው ግን ቦታውን ለይ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ነው፣ በፋይበር ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ሰርቨሩ ጆሃንስበርግ ከሆነ ግን በቀጥታ መስመር እንኳ 4,000 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ብርሃን ራሱ በፋይበር ውስጥ ደርሶ ለመመለስ 40 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ይፈጅበታል፣ መስመሩ ደሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እኛ የባህር በር ስለሌለን በጎረቤት አገር በኩል ነው ሚወጣው። ለሒሳብ ሠራተኛ ይሄ አይሰማም፣ ከምርት መስመሩ ማሽን ጋር በየሰከንዱ ለሚያወራ ፕሮግራም ግን ይሰማል፣ እሱን እዛው ግቢ አስቀሩት።

ዳታውን መጫኑም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ዳታቤዛችሁ 2 ቴራባይት ቢሆንና መስመራችሁ በሰከንድ 20 ሜጋቢት ቢሆን፣ ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ከ9 ቀን በላይ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ እንጨርሳለን ያለህን ሰው ይቺን ሒሳብ አሳየው። መንገድ ሥራ ላይ ያለ ስካቫተር ፋይበር በጥሶ ቀኑን ሙሉ ሲያስቀምጣችሁም አስብ፣ ሁለተኛ መስመር የግድ ነው፣ በሌላ አቅጣጫ የሚገባ፣ በአንድ ቦይ የተቀበሩ ሁለት ኬብሎች አንድ ኬብል ናቸው። ጄኔሬተሩንም እንዳትሸጡት፣ መብራት ሲጠፋ ክላውዱ በሰላም ይሠራል፣ እናንተ ናችሁ የማትደርሱበት።

ጥያቄ (የፋይናንስ ኃላፊ፣ ደብረ ብርሃን)

ሻጩ "ሰርቨር መግዛት ቀረ፣ በወር በወር ትከፍላላችሁ፣ ይቀንስላችኋል" ይለኛል። ውሉን ከመፈረማችን በፊት ምኑን ልይ? እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ እንጂ የኮምፒውተር አይደለሁም።

መልስ

የሒሳብ ሰው መሆንዎ ነው የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ክፍያው በምን ገንዘብ ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በቀናት ውስጥ 100ን እንዳለፈ እርስዎም ያስታውሱታል። በወር 10,000 ዶላር የተዋዋለ ድርጅት 570 ሺህ ብር ይከፍል የነበረው ከሚሊዮን በላይ ሆነበት ማለት ነው፣ አንድ ተጠቃሚ ሳይጨምር። የተገዛ ሰርቨር ቢያንስ ከተገዛ በኋላ ዋጋው አይዘልብዎትም። ስለዚህ የአምስት ዓመቱን ወጪ በሦስት ዓይነት የዶላር ምንዛሪ ተመን ሠርተው ለቦርዱ ያቅርቡ፣ ጎን ለጎን አገር ውስጥ ካሉት፣ ማለትም ከኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድና አዲስ አበባ ካሉት የግል ዳታ ሴንተሮች ዋጋ ይጠይቁ። ሶፍትዌሩ እዛ ላይ እንዲጫን አምራቹ ይፈቅዳል ወይ የሚለውም በጽሑፍ ይምጣ።

ቀጥሎ "99.5 በመቶ ይሠራል" የሚል ዋስትና ሲያዩ ወደ ሰዓት ይቀይሩት፣ በወር 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ቢቆምም ውሉ አልተጣሰም ማለት ነው፣ 99.9 ከሆነ 43 ደቂቃ ነው። ያም ቢሆን የሚቆጠረው የነሱ በር ድረስ ነው፣ የእርስዎ ፋይበር ሲበጠስ አይመለከታቸውም።

የመውጫውን አንቀጽ ከመግቢያው በላይ ያንብቡ። ውሉ ሲያበቃ ዳታው በምን ፎርማት፣ በስንት ቀን፣ በስንት ብር ይመለስልናል? የድሮው ሲስተምስ ለግብር ኦዲት የሚነበብ ሆኖ የት ይቀመጣል? ይሄን ማንም በጀት ውስጥ አያስገባውም፣ በኋላ ኦዲተሩ የአራት ዓመት ቫውቸር ሲጠይቅ ነው የሚታወሰው። የሠራተኛ ደመወዝና የግል መረጃ ከአገር ይወጣል ከተባለ ደሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን የሕግ ክፍላችሁ ያንብበው፣ ከአገር ስለሚወጣ መረጃ ይደነግጋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ደህንነቱን እነሱ ይይዙታል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሕንፃውንና ማሽኑን ይጠብቃሉ፣ ማን ምን መክፈት ይችላል የሚለው ግን የእናንተ ነው። አቅራቢ የሚመዘግበውና ክፍያ የሚያጸድቀው አንድ ሰው ከሆነ ክላውድ ላይም ያው ነው፣ እንደውም ከቤቱ ሆኖ ነው ሚያጸድቀው።

ጥያቄ (የምርት ክፍል ኃላፊ)

ብርድ ልብስ ነው ምናመርተው። አዲሱ ሲስተም ሐምሌ 1 ይጀምራል ተብሏል፣ የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ስለሆነ ጥሩ ነው ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ

ሒሳብ ክፍል ይወደዋል፣ መነሻ ባላንሱ ንጹህ ይሆናል። እኔ ግን ለእናንተ አልወደድኩትም። የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ በ1999 አዲሱን ሲስተም በጁላይ አስጀመረ፣ ልክ ሐምሌ አካባቢ፣ ትልቁ ገበያው ግን በኦክቶበር መጨረሻ ያለው የሃሎዊን በዓል ነበር፣ ሲስተሙ ሳይረጋ ትዕዛዙ ደረሰ፣ ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ 100 ሚሊዮን ዶላር ግድም ትዕዛዝ ማድረስ አቃታቸው። የእናንተም ገበያ ብርዱ ነው አይደል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ የደብረ ብርሃን ሰው ለዚህ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሐምሌ ከገባችሁ ያንኑ መንገድ ነው የምትሄዱት፣ በዛ ላይ ሒሳብ ክፍሉ ዓመት በመዝጋት ተወጥሮ። ሚያዝያ 1 ይሻላል፣ የሦስተኛው ሩብ ዓመት ተዘግቶ ገበያው ቀዝቅዞ። ኦዲተሮች በአንድ ዓመት ሁለት ሲስተም ብለው ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ።

ጥያቄ (የስቶር ኃላፊ፣ ሸዋ ሮቢት)

ጡረታ የቀረበኝ ሰው ነኝ። በሞዴል 19 ገቢ በሞዴል 22 ወጪ እያልኩ ነው የኖርኩት፣ አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ሆነ፣ እሱም ሌላ አገር ሊሄድ ነው አሉ። ኔትወርክ ሲጠፋ የተጫነ መኪና በር ላይ ላቁም?

መልስ

ጋሼ፣ ይሄን ጥያቄ ከአማካሪዎቹ አንዱም አያነሳውም፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ያንሱት። ኔትወርክ ሲጠፋ ተራ ቁጥር ያለው የወረቀት ጥራዝ በእጅዎ ይኑር፣ መኪናው በሱ ይውጣ፣ ማን በስንት ሰዓት ውስጥ ወደ ሲስተም እንደሚያስገባው አስቀድሞ ይወሰን፣ ካልተወሰነ ሲስተሙ ላይ ያለው ስቶክ መሬት ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ሙከራ ሲደረግም እርስዎ ራስዎ ይሞክሩት፣ እውነተኛ ዕቃ ይዘው።

ሌላው እርስዎን የሚፈልግ ሥራ የዕቃ ዝርዝሩን ማጥራት ነው። አንዱ ብሎን በሦስት ኮድ ተመዝግቧል፣ አንዱ "ቦልት" ብሎ፣ አንዱ "ብሎን" ብሎ፣ አንዱ መጠኑን አስቀድሞ፣ ሲስተሙ ሦስት ዕቃ ነው ሚመስለው፣ አንዱ እንደሆነ በዓይን የሚያውቀው እርስዎ ነዎት። የደንበኛ ስምም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ እንደ ጻፊው ነው፣ እሱን በቲን ቁጥር ማመሳከር ይቻላል፣ ብሎን ግን ቲን የለውም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ)

ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። እዚህ መስክ ለመግባት ምን ልማር?

መልስ

እህቴ፣ ኤስኪውኤል (ዳታቤዝን የሚጠይቁበት ቋንቋ) በደንብ ያዢ፣ ኔትወርክ ቢያንስ ራውተር ምን እንደሚሠራ እስክትገልጪ ድረስ። ሳፕ ላፕቶፕሽ ላይ ጭነሽ መለማመድ ይከብድሻል፣ ኦዱ የሚባለው ሌላ ኢአርፒ ግን ነፃ ቨርዥን አለው፣ እሱን ጭነሽ አንድ ምናባዊ ድርጅት ክፈቺበት፣ ግዢ፣ ስቶር፣ ሽያጭ፣ ደመወዝ፣ 15 በመቶ ቫትና የጡረታውን 7ና 11 በመቶ ሁሉ አስገቢበት፣ እስኪያናድድሽ። ከዛ አካውንቲንግ ዲፓርትመንት ያለ ጓደኛ ፈልጊና ዴቢትና ክሬዲት አስተምሪኝ በያት፣ ኮድ የሚጽፍ ሞልቷል፣ ሂሳቡ ለምን እንዳልገጠመ የሚያውቅ ፕሮግራመር ነው ደብረ ብርሃን ላይ የጠፋው።