ከዲንሾ እስከ ሐረና በአምስት ቀን ይደረሳል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ታኅሣሥ ላይ ሦስት ሆናችሁ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ልትወጡ ነው። አምስት ቀን አላችሁ። ከዲንሾ ከተማ ተነስቶ፣ የሳነቴን ከፍተኛ ሜዳ አቋርጦ፣ ሐረና ደን ድረስ በእግር መሄድ ይቻላል ወይ ነው ያልሽው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «እኔ በዋናነት ጫካውን ነው ማየት የምፈልገው» ብለሻል። መልሴን የሚወስነው ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት።

በእግር ይቻላል። ሄጄበታለሁ። ዲንሾ፣ ሶዶታ፣ ኬይሬንሳ፣ ራፉ፣ ጋርባ ጉራቻ እያሉ ሳነቴን ተሻግሮ ሪራ መንደር መውረድ ነው። ግን ተረጋግቶ ለሚሄድ ሰው ስድስት ቀን ይፈልጋል። ጫካው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ጉልበቱም ስንቁም ካለቀ በኋላ። በአምስት ቀን እንጨርሰው ካላችሁ የምትሠዉት ሐረናን ነው። ስለዚህ መሃሉን በመኪና ዝለሉት።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የተገላቢጦሹን ነው ያደረግኩት። ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ጎባ አደርን። በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ ቱሉ ዲምቱ ተራራ። 4,377 ሜትር ነው፣ ከአገሪቱ ከፍተኛ ተራሮች አንዱ። መኪና ጫፉ ድረስ ስለሚወጣ ለእግር ጉዞ የሚሆን ነገር የለውም፤ ላዩ ላይ የሚጠብቃችሁ የቴሌ አንቴና ነው። ፎቶ ተነሳሁ፣ ራሴን ያዘኝ፣ አቅለሸለሸኝ። ሐረናን ያየሁት ከዚያ በኋላ፣ አንገቴን መስኮት ላይ ጥዬ፣ በጉም ውስጥ ነው። አየሁ ከተባለ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለዲንሾ ስጡት። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። የመግቢያ ክፍያው፣ አስጎብኚው፣ ፈረሱ ሁሉ እዚያው ያልቃል። ደረሰኙን አትጣሉት፣ ከጎባ በላይ ያለው በር ላይ ትጠየቃላችሁ። ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታም እዚያው ጠይቁ፤ ከማንኛችንም የተሻለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዲንሾ ራሱ 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሌሊት ማደሩ ሰውነትን ያለማምዳል። ከሰዓት በኋላ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለው ጥድና ኮሶ ውስጥ ዝም ብላችሁ ተንሸራሸሩ። ደጋ አጋዘን ለማየት ከዚህ የሚሻል ቦታ አላውቅም። ድኩላና ከርከሮም አይጠፋም።

በሁለተኛው ቀን በፈረስ ጭናችሁ ወደ ወብ ሸለቆ። ፊንጫ አበራ ፏፏቴን አይታችሁ ሶዶታ ታድራላችሁ። 3,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቀስ እያላችሁ ወጣችሁ ማለት ነው። ቀይ ቀበሮ ማየት ከፈለጋችሁ ዓይናችሁን የምትከፍቱት እዚህ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም ይባላል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው።

አንዱን ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ፍልፈሉን ነው። ባሌ ብቻ የሚገኝ ትልቅ ፍልፈል ነው፤ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ከጉድጓዱ በግማሽ ወጥቶ፣ ጀርባውን እንደ ቡሽ ጉድጓዱ ላይ ወትፎ፣ ዙሪያውን ያለውን ሣር በጥርሱ ይሰበስባል። ቀበሮው ከሃያ እርምጃ ላይ ደረቱን መሬት አስነክቶ ይሳባል። ፍልፈሉ ቀና ሲል ይቆማል፣ ሲያጎነብስ ይሳባል። ዘሎ ሲወድቅበት ፍልፈሉ ወደ ኋላው ሸርተት ብሎ ገብቷል። ቀበሮው አፈሩን ሁለት ጊዜ ጫር ጫር አድርጎ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ጥሎን ሄደ። ባለፈረሳችን ሳቀና «ዛሬ ቁርስ የለም» አለ። በነገራችን ላይ ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ ምግብም እንዳትወረውሩ። ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የጨረሳቸው ከውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ዲንሾ ተመልሳችሁ በመኪና ጎባ እደሩ። ይሄ ቀን ያን ያህል አይወራለትም። ሙቅ ውሃ ካገኛችሁ ታጠቡ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በደሎ መና መንገድ ወደ ሳነቴ ውጡ። 12 ሰዓት ላይ ብትነሱ ነው የሚያዋጣችሁ፤ ከሰዓት ጉሙ ከሐረና በኩል ይወጣና ምንም አታዩም። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል መሃል ወረድ ብላችሁ ፎቶ ተነሱ፣ ሐይቆቹን እዩ፣ ግን አትንቀዋለሉ። ሳነቴን አቃለልክብን የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አላቃለልኩም፤ ለጠየቀችኝ ጉዳይ ግን መተላለፊያ ነው።

ጉዞው የሚጣፍጠው ሜዳው ድንገት የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ነው። መሬቱ ከእግራችሁ ስር ይወርዳል፤ ታች ያለው እስከ አድማስ ደን ነው። እዚያ ላይ ከመኪና ውረዱ። መኪናው ዕቃችሁን ይዞ ሪራ ይጠብቃችሁ፣ እናንተ ከአስጎብኚው ጋር በእግር ውረዱ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ አገሩ ሲለወጥ የምታዩት በእግር ሲሆን ብቻ ነው። መጀመሪያ አስታ ነው፣ ቁመቱ ከሰው ጉልበት ይጀምርና እየወረዳችሁ ሲሄድ ዛፍ ይሆናል፣ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጺም የተንጠለጠለ ነገር ይሞላበታል። ቀጥሎ ኮሶ። ከዚያ ቀርከሃ።

ስለ ቁልቁለቱ አንድ ነገር ልንገርሽ። ዳገት እንጂ ቁልቁለት ምን አለው ብዬ፣ ገና ያልለመደኝን አዲስ ቡት አጥልቄ ወረድኩ። የእግር ጥፍሬንም አልቆረጥኩም ነበር። ሪራ ስደርስ ሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጠቁረዋል። አንደኛው ጥፍር ከወር በኋላ ወደቀ። ጥፍራችሁን ከቤት ቆርጣችሁ ውጡ፣ ጫማችሁን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ሂዱበት፣ ለቁልቁለቱ ከቁርጭምጭሚቱ በኩል ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ምርኩዝም አትናቁ።

አምስተኛውን ቀን ሙሉ ለጫካው ተዉት። ከሪራ ወደ ካቻ ካምፕ ውረዱ፣ ድንኳን ካላችሁ እዚያው እደሩ። የሪራ ልጅ መንገድ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ሐረና ውስጥ አንበሳ አለ፣ ስለዚህ ያገኛችሁት ቦታ ላይ ድንኳን መትከልና ከመሸ በኋላ መንከራተት የለም። ዝናብ ሳይኖር የሚያረጥብ ጫካ ነው፤ ጉሙ ያልፋል፣ ከዛፉ የተንጠለጠለው ጺም ውሃውን ይይዝና ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ከዛፎቹ ላይ ረዣዥም የንብ ቀፎ ታያላችሁ፣ ባለቤት አለው፣ አትነካኩት። ማሩን ሪራ ላይ ጠይቁ። ቀርከሃው ጋ ስትደርሱ ደግሞ መሄዱን ተዉትና ተቀመጡ። የባሌ ጦጣ ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ነው የሚበላው፤ ቀድሞ የሚሰማው የቅጠሉ ድምፅ ነው። እኛ እያወራን ሦስት ጊዜ አልፈን ምንም አላየንም። በአራተኛው ዝም ብለን ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን፣ ነጭ ጺም ያለው አንድ ፊት ከቅጠሉ መሃል ብቅ አለ። የዱር ቡናው ከዚህም በታች ነው፤ እሱን ያማረው ሌላ ቀን ይጨምር።

ታኅሣሥ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ደረቅ ነው። ግን ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሶዶታ ላይ ጠዋት ውሃችሁ በረዶ ሠርቶ ብታገኙት አይግረማችሁ። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ቅባትም ያዙ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ወይም ማስመለስ ከመጣ «ይሻለኛል» ማለት የለም፣ ወደ ታች መውረድ ነው።

መመለሻ መኪናችሁን ሪራ ከመውረዳችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደሚመጣ። እኛ «እናገኛለን» ብለን ወርደን፣ ሳነቴን መልሰን የተሻገርነው በአይሱዙ ጀርባ፣ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ሦስታችን አንድ ብርድ ልብስ ለብሰን ነው።