ሻይና ፓስቲ እስከ ምሳ ያደርሳል?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከርመዋል? ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ዕድሜዬ 23 ነው። ሰርቪስ የሚያነሳን 12 ሰዓት ሳይሞላ ስለሆነ ቁርስ ሠርቶ መብላት አይታሰብም። መንገድ ዳር ሁለት ፓስቲ በሻይ እበላለሁ። ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር አደርጋለሁ፣ ጉልበት ይሰጠኛል ብዬ። 4 ሰዓት አካባቢ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅተኛል። ጓደኞቼ «ስኳር ይዞሽ ነው» እያሉ ያስፈራሩኛል። እናቴ ከወረኢሉ የላከችልኝ በሶ አለ፤ የተማሪ ምግብ ነው እያልኩ አልነካሁትም። በጾም ቀን ደግሞ እንቁላልም ወተትም የለም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። የነገርሽኝ ነገር ከበሽታ ይልቅ የቁርስሽን ጣጣ ይመስላል።

ፓስቲ በዘይት የተጠበሰ ነጭ ዱቄት ነው። ስኳሩን ደግሞ እናስላው። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚጨምረው ስኳር ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል፤ ስድስት ማንኪያ መሆኑ ነው። አንቺ ፀሐይ ሳትወጣ አራቱን ጨርሰሻል።

ነጭ ዱቄትና ስኳር ቶሎ ይፈጫሉ። የደም ስኳር ሽቅብ ይወጣል፣ ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን ይለቅበታል። ከዚያ አንዳንድ ሰው ላይ ስኳሩ ፍሬን እንደተበጠሰበት አይሱዙ ከሐረጎ ተራራ ቁልቁል ይወርዳል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡና ክፉው ረሃብ የሚመጡት ያኔ ነው።

ግን የውሃ ጥም ከበዛብሽ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግመሽ ከተነሳሽ፣ ወይም እንዲሁ ከከሳሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂና በባዶ ሆድ ተለኪ። 126 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) እና ከዚያ በላይ ከመጣ በሌላ ቀን ደግሞ ይለካና ይረጋገጣል።

አሁን ወደ በሶው። «የተማሪ ምግብ» ማለትሽን እናትሽ እንዳትሰማ! ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል፣ በውሃ የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) አለው። አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ይዝለገለጋል፤ ስለዚህ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ኮሌስትሮል ለመቀነስም ደግ ነው።

ጊዜ የለኝም ያልሽውም በሶ ላይ አይሠራም። ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት አራት አምስት የሾርባ ማንኪያ ሳህን ላይ አድርጊ። ጨው ነስነስ፣ ካሻሽ ሚጥሚጣ ቆንጠር፣ ዘይት ጠብ አድርጊበት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያዢ፤ አንዴ ግን አትገልብጪበት። ጥቂት ጥቂት እያልሽ በጣትሽ ጫፍ አሽው። ዱቄቱ ከሳህኑ ተላቆ እጅሽ ውስጥ ሲጠቀለል በቃው። ጨብጠሽ ምሳ ዕቃ ውስጥ ክተቺው፤ ጠዋት ሰርቪስ ላይ ትበይዋለሽ። የነገውን ብቻ ጨብጪ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት አይከርምም።

በሶ ብቻውን ፕሮቲኑ ያንሳል። አንድ እፍኝ ለውዝ አብረሽ ያዢ፤ ለውዝ ጾም አያስፈታም። በፍስክ ቀን እንቁላል ቀቅዪ፤ አንዱ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጥሻል። ጁስ ቤት በማርና በስኳር የሚመታው በሶ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ከጣፋጭ መጠጥ ቁጠሪው።

በሶው ከሰለቸሽ የማታው ሽሮ ፍርፍር ይሁን። ቅንጬም ጥሩ ነው፤ እህሉ ተከክቶ እንጂ ልሞ ስላልተፈጨ ሆድ ውስጥ ይቆያል። በእረፍት ቀንሽ ደሴ ከወጣሽ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ፉል ብዪ። ጾም ከሆነ ቅቤና እንቁላሉን ይተዉልሽ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያው ይብዛ። ባቄላ ፕሮቲንም አሰርም አለው። ረመዳን ላይ ጎረቤቶቼ ለሱሁር ፉል የሚመርጡት ያለ ነገር አይደለም።

ሻዩን ጠጪ። ግን ስኳሩን በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ እየቀነስሽ አንድ ላይ አድርሺው፤ ምላስ ይለምዳል። ከምግብ ጋርም አትጠጪው። ሻይና ቡና ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። የወር አበባ የምታይ ሴት ደግሞ ብረት ያስፈልጋታል። ከበላሽ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጠጪ። ሥራ ላይ ዐይንሽ የሚጨልም፣ ደረጃ ስትወጪ ልብሽ የሚመታ ከሆነ ደም ማነስም ሊሆን ይችላልና ያንንም ተመርመሪ።

እዚህ ደሴ «ጨጓራዬን» እያሉ የሚመጡ ሴቶችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ጠዋት አፋቸው ላይ ምን እንዳደረጉ ነው። ብዙዎቹ «ቡና» ይሉኛል። ቡና ብቻ! ከአቦል እስከ በረካ፣ በባዶ ሆድ። ቡናው ይቅር አልልም፤ ወሎዬን ቡና ተይ ማለት ጠብ መፈለግ ነው። ግን ቂጣው ይቅደም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ ነኝ፤ ሃምሳን አልፌያለሁ። ጠዋት በሞቀ ውሃ ሎሚና ማር ስብ ያቀልጣል ተብዬ ቁርስ ትቼ እሱን ብቻ እጠጣለሁ። እውነት ያቀልጣል?

መልስ፦ አያቀልጥም፣ ወንድሜ። ክብደት ቀንሰው ከሆነ ቁርሱን ስለተዉ ነው። ማርም ስኳር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ቁርስ ትቶ መድኃኒቱን መዋጥ አደጋ አለው፤ የደም ስኳርዎ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይሞክሩት። ሎሚውን ግን አልጠላውም። ፉሉ ላይ ጭምቅ ያድርጉት፤ ቫይታሚን ሲው የባቄላውን ብረት ሰውነትዎ እንዲወስደው ይረዳል። መጠጣቱን ካልተዉም ከጠጡ በኋላ አፍዎን በንጹህ ውሃ ይጉመጥመጡ። ወዲያው ጥርስዎን አይቦርሹ፤ አሲዱ ጥርስ ስለሚያሳሳ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩ።