ድኩላው ይቆይ፣ መጀመሪያ አፈሙዙን እይ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የአንድ አሮጌ አዳኝ መልስ

በዚህ ወር የመጡልኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ ግማሹ ስለ ጠመንጃ ነው። የደሴ ብርድ ሲጠና ጠመንጃ ያስመኛል መሰለኝ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ረዘም ብያለሁ፣ ስትጨርሱት ምክንያቱን ታዩታላችሁ።

«ጋሼ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አያቴ ሲሞቱ አንድ ውጅግራና አሥራ አንድ ጥይት ትተውልኛል። ጠመንጃው ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። የጎፍ ተራራ ላይ ድኩላ አለ ይባላል። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ቀን ልንወጣ ነው። ምን እንያዝ?»

ስንቅ ያዙ፣ ውሃ ያዙ። ጠመንጃውን እዚያው ግድግዳው ላይ ተዉት።

ቀልድ እንዳይመስልህ። ውጅግራ የፈረንሳይ መሣሪያ ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1874 ሥሪት። ስሙም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ከእነሱ አጠራር ነው የመጣው፤ የኛ ሰዎች ጆሯቸው እንደሰማው ውጅግራ አሉትና በዚያው ጸና። አንድ ጎርሶ አንድ ይተኩሳል፣ ካዝና የለውም። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሲሠራም ለጥቁር ባሩድ ነው የተሠራው። አሁን ያንተ አሥራ አንድ ጥይት ማን ሞላው? በምን ሞላው? ድሮ ቀለህ እየለቀሙ፣ እርሳስ እያቀለጡ፣ ያገኙትን ባሩድ እየጠቀጠቁ እንደገና የሚሞሉ ሰዎች ነበሩ። በዚያ አሮጌ ብረት ውስጥ የዘመኑ ባሩድ ከገባ የሚፈነዳው ወደፊት ብቻ አይደለም፣ ወደ ፊትህም ነው።

ልጅ እያለሁ አንድ ዘመዳችን ለሠርግ ሊተኩስ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ከግድግዳ አወረደ። እስቲ አሳየኝ ብዬ ተቀበልኩትና ከኋላ በኩል ከፍቼ ወደ ሰማይ አዙሬ ባየው ብርሃን የለም። ድፍን ጨለማ ነው። ሽቦ ስንከትበት አውራ ጣት የሚያህል ደረቅ ጭቃ ተፈርፍሮ ወደቀ። ተርብ ጎጆዋን ሠርታበት ነበር! ተኩሶት ቢሆን ብረቱ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ነበር፣ ሙሽራውም በለቅሶ ይውል ነበር። ለነገሩ በሠርግ ላይ መተኮስን እኔ ድሮም አልወደውም። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል፣ የሚወርደው ደግሞ የሰው ግቢ ነው።

ሕጉንም ልንገርህ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ። መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም። «ውርሴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። መጀመሪያ ባዶ እጅህን ሄደህ ፖሊስ ጠይቅ፤ አደራ ጠመንጃውን በማዳበሪያ ጠቅልለህ በባጃጅ ይዘህ እንዳትሄድ። አደኑ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ሥር ነው፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ አይታደንም። ፈቃድ ያለውም ቢሆን የሚያድነው ለአደን በተከለለ ቦታ ነው። የውጭ ሰዎች ለደጋ አጋዘን ብለው ባሌና አርሲ ድረስ የሚመጡት በዚህ መንገድ ነው። የጎፍ ጥብቅ ደን ነው፣ የአደን ቦታ አይደለም። ደግሞስ በዚህ ጊዜ ጫካ ውስጥ ጠመንጃ ይዞ የተገኘ ሰው «ድኩላ ፈልጌ ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ለብዙ ሰው አውርቼው አላውቅም።

ያኔ ፈቃዱም ጉልበቱም ነበረኝ። ማለዳ ነው፣ ጉሙ ገና አልተነሣም፣ ከፊቴ ያለው ቁጥቋጦ ነቃነቀ። በቅጠሉ መሃል ቡናማ ጀርባ አየሁ። ጎንበስ ቀና ይላል፣ ልክ ቅጠል እንደሚቀነጥብ እንስሳ። አቀባበልኩ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ ጣቴ ምላጩ ላይ አረፈ። ትንፋሼን ይዤ ልስብ ስል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለች፣ በአፍንጫ የምትባል። መንዙማ ነበረች።

ቡልኮ የለበሰ እረኛ ነው። እንጨት ይለቅማል። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እኔን አላየኝም። እስከ ዛሬም አያውቅም። ቁጭ ብዬ ጥይቱን አወጣሁ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ጥይቱ ሣር ውስጥ ወድቆብኝ ፈልጌ ለማግኘት ብዙ ቆየሁ። ልጁ ባያንጎራጉር ኖሮስ? የዚያን ቀን ተኩስ ሳላሰማ ወደ ቤት ተመለስኩ፣ ለባለቤቴም «ዛሬ ጉም ነበር» ብቻ ነው ያልኳት።

ከዚያ ወዲህ ሙሉ አካሉን፣ ጭንቅላቱንና ከጀርባው ያለውን ሳላይ አፈሙዝ አላነሣም። ጣቴም እስክተኩስ ድረስ ምላጩ ላይ አያርፍም። ባዶ ነው የተባለ መሣሪያ ደግሞ ለእኔ ሁልጊዜ ጎርሷል። በየቤቱ «ባረቀበት» የሚባለው ታሪክ እኮ የሚጀምረው «ባዶ መስሎኝ» ብሎ ነው።

የጎፍ ግን ውጡ። ጎህ ሳይቀድ ተነሡ፣ ነፋሱ ወደ ፊታችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ወሬ አቁሙ። ድኩላ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ነው የሚጮኸው፣ መጀመሪያ የሰማ ሰው አያምንም። ቀንድ ያለው ወንዱ ነው፣ ሴቷ የላትም። የሳይንስ ስሙ ውስጥ ያለው «ዴኩላ» የሚለው ቃልም ከእኛው ድኩላ የተወሰደ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ጦርነት ባለፈበት ተራራ ላይ ያልፈነዳ ነገር ይቀራል። የማታውቁትን ብረት በእግራችሁም ቢሆን አትንኩ። ለፖሊስ ንገሩ።

«ከኩታበር ነው የምጽፈው። ጃርት ድንቻችንን ጨረሰው። ባለቤቴ መርዝ ልበትን ይላል። ደሞ እሾሁን ወርውሮ ይወጋል የሚባለው እውነት ነው ወይ?»

አይወረውርም፣ እታለም። እሾሁን አቁሞ በጀርባው እየተንደረደረ ነው የሚወጋው፣ እሾሁም በቀላሉ ስለሚነቀል የተወረወረ ይመስላል። መርዙን ግን አደራሽን አስቀሪው። ጃርቱ ከመብላቱ በፊት የጎረቤት ውሻ ይበላዋል፣ የሞተውን ውሻ አሞራ ይበላዋል፣ አሞራ ከጠፋ ደግሞ በየሜዳው የሚሸተውን ጥንብ ማን ያነሣዋል? ካብ አሠሪ። ጃርት ቆፋሪ ስለሆነ የታችኛው ድንጋይ መሬት ውስጥ ክንድ ያህል ይቀበር። ልፋት አለው፣ አውቃለሁ። አንዴ ከተሠራ ግን ልጆችሽም ያርሱበታል።

«የደሴ መምህር ነኝ። በየእሁዱ ሐይቅ ወርጄ መንጠቆ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ባለቤቴ አሁን አሁን ‹ዓሣዎቹ ደኅና ናቸው?› ማለት ጀምራለች። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

መምህር፣ ባለቤትዎ ጨዋታ ያውቃሉ፣ ሰላም ይበሉልኝ።

የመጀመሪያው ጥፋት ሰዓቱ ነው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፣ ቅርብ ናት። ግን የኛ ሰው እሁድ ቁርሱን በልቶ፣ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቆ ሲደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ዓሣው ከዳር ሸሽቷል። ሐይቁ ደግሞ ጥልቅ ነው፣ 88 ሜትር የሚገባ ቦታ አለው ይላሉ ያጠኑት፤ የእርስዎ ክር የት ይደርሳል? ቅዳሜ ማታ ወርደው ይደሩ። ጎህ ሲቀድ ዳር ላይ ይገኙ።

ሁለተኛው መንጠቆው ነው፣ አይቼዋለሁ ባልልም እርግጠኛ ነኝ። ጀማሪ ሁሉ ትልቅ መንጠቆ ይገዛል፣ ትልቅ ዓሣ ስለሚመኝ። የቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት ዓሣ፣ አፉ ትንሽ ነው። የትንሿ ጣትዎን ጥፍር የምታክል መንጠቆ ትበቃለች። ትሉንም ሙሉውን አያንጠልጥሉት። ቆረጥ አድርገው መንጠቆዋን ብቻ ይሸፍኑባት፣ አለዚያ ጫፍ ጫፉን እየቀነጠበ ቁርሱን በልቶ ይሄዳል። ክሩ ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ አንዴ ነቅነቅ ሲል አይጎትቱ። እየቀመሰ ነው። ሁለቴ፣ ሦስቴ ነቅነቅ ይላል፣ ከዚያ ቡሹ ወደ ጎን ይሸሻል ወይም ስጥም ይላል። ያኔ ክንድዎን ሳይሆን የእጅዎን አንጓ ብቻ ቀና ያድርጉ። ጥላዎም ውሃው ላይ እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ።

አምባዛ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለጢሙ ማለቴ ነው። እሱ የማታ ሰው ነው፣ ከሥር ነው የሚሄደው፣ ጉበት ይወዳል። ሲይዙት የጎን ክንፉን ይጠንቀቁ፣ እሾህ አለው። ከውሃ ወጥቶም አየር ስለሚተነፍስ ቶሎ አይሞትም፤ አንዱ ዘንቢሌ ውስጥ ሞቷል ብዬው ደሴ መናኸሪያ ላይ ተፈራግጦ ሴትዮ አስጩኾብኛል።

አንድ ቀን አስጋሪዎች መረብ ሲፈቱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንዷን ቆሮሶ ተቀብዬ ስይዛት አፏን ከፈተችና የማሽላ ፍሬ የሚያክል ቢጫ እንቁላል መዳፌ ላይ ፈሰሰ። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምትታቀፈው። ከተፈለፈሉ በኋላም ግልገሎቹ ሲደነግጡ ተመልሰው እዚያው አፏ ይገባሉ። እንግዲህ የመረቡ ዓይን በጠበበ ቁጥር ምን እንደሚወጣ ያስቡት። ብርብራ ወቅጦ ውሃ ላይ የሚበትን ሰው ካዩ ደግሞ ዝም አይበሉ። ዓሣን በመርዝ ወይም በፈንጂ መያዝ በዓሣ ሀብት አዋጁ ቁጥር 315/1995 የተከለከለ ነው። ቦርከናን አይጠይቁኝ። የሁለት ከተማ እጣቢ የወረደበትን ውሃ ዓሣ እኔ አልበላም።

ዓሣን የምወድበት አንድ ሌላ ምክንያት አለኝ። ወሎ ውስጥ የአደን ችግሩ ቢላዋው ላይ ነው። ድኩላ ሲጣል የሚጠየቀው ማን ባረከው ነው፤ እኔ ካረድኩት ሙስሊሙ ጎረቤቴ አይበላም፣ እሱ ካረደው እኔ አልበላም፣ ግማሹ መንደር ሁልጊዜ ተመልካች ነው። ዓሣ ግን አይታረድም። አሥር ቆሮሶ ይዤ ስገባ ግራና ቀኙ ጎረቤት አንድ ትሪ ከበን ነው የምንበላው።

የያዙትን ዓሣ ሆዱን እዚያው ሐይቁ ዳር ያውጡለት፣ በፌስታል አይቋጥሩት፣ በእርጥብ ሣር ይጠቅልሉት።

«የሦስት ወር ቡችላ አለኝ፣ ኮምቦልቻ። አዳኝ ውሻ ላደርገው ነው። ሰዎች ጆሮውን ቁረጠው፣ ባሩድ አብላው፣ ጨለማ ቤት እሰረው ይሉኛል።»

የሚሉህን ሰዎች ውሻቸውን አሳዩኝ በላቸው። ጨለማ ውስጥ ያደገ ውሻ ኃይለኛ አይሆንም፣ ፈሪ ይሆናል፣ ፈሪ ውሻ ደግሞ የሚነክሰው የሰፈር ሕፃን ነው። ባሩድ ሆዱን ያቃጥለዋል እንጂ ልብ አይሰጠውም። ጆሮውን ተውለት፣ የሚሰማህ በእሱ ነው።

አሁን ሁለት ቃል ብቻ አስተምረው፦ «ና» እና «ቁም»። ሲመጣ የሥጋ ቁራጭ ስጠው፣ ሳይመጣ አትምታው። ፍየል መሃል አሳድገው፣ ፍየል የሚያባርር ውሻ ገጠር ይዘህ ከወጣህ ከባላገር ጋር ነው የምትጣላው። በዓረፋና በፋሲካ ሁሉም ቤት ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ታያለህ፣ እሱን ለውሻ እንዳትሰጥ። ትሉ በውሻው በኩል ዞሮ ወደ ሰው ይመጣል። ቅበረው።

ከሁሉ በፊት ግን ክትባቱ። ሦስት ወር ሞልቶታል፣ ነገ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰደውና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጋው፣ በየዓመቱም አድስለት። ሰው በማንኛውም ውሻ ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ጸበሉም ዱዓውም ከመርፌው ጋር አይጣላም፣ ግን መርፌው ይቅደም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሐኪምም አያድነውም።

ውሻህን ይዘህ ወደ ሳይንት በኩል ደግሞ አትውጣ። ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ነው፣ ያለውም እኛ አገር ብቻ ነው። ከቤት ውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ከአንድም ሁለት ጊዜ ፈጅቶታል።

ስትጽፍልኝ የቡችላውን ስም አልነገርከኝም። ካላወጣህለት ዛሬውኑ አውጣለት፣ አጭር ይሁን። «ኩቲ» እያልክ ከጠራኸው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ነው የሚመጣልህ።